ቺንጋው ለምን ጮኸ?

አዛውንቱ ሾፌር ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሰፈሩ የሚያውቃቸው በድርቅናቸውና በመኪናቸው ጩኸት ነው። ሞተሩን ባስነሱ ቁጥር ሲጥጥጥ ብሎ መንደሩን ያነቃል። እሳቸው ምን ቸገራቸው! አጥፍተው፣ ኮፈኑን ከፍተው፣ ሞተሩ ፊት በሚዞረው የጎማ ቀበቶ፣ በቺንጋው ላይ ደረቅ ሳሙና ያሻሉ። እንደገና ሲያስነሱት ዝም ይላል። ይህን ዘዴ ያስተማሯቸው መሪ ያስጨበጧቸው ሰው ናቸው፤ ዘዴውን መተው እኚያን ሰው እንደ መካድ ይመስላቸዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ላይ ቆመው ሲያሹ የወንድማቸው ልጅ ከሥራ ስትመለስ አየቻቸው። በቴክኒክ ትምህርት ቤት የመኪና ጥገና አስተማሪ ናት።

"እንደምን ዋሉ አጎቴ? ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ምን እያደረጉ ነው?"

"ገላውን እያጠብኩት ነዋ!" ብለው ሳቁ። "ልጄ ቀኗ ደርሷል። ምጧ ሲመጣ ከዳገቱ ማዶ ያለው ሆስፒታል የማደርሳት እኔ ነኝ። እየጮኸባት ትሂድ?"

የአስተማሪዋ ፊት ተለዋወጠ። "በዚህ ቺንጋ ነው ዳገቱን የሚወጡት?"

"ምን ሆነ? ዝም ብሏል እኮ።"

"አጎቴ፣ የታመመ ሰው ቢጮህ አፉን ያፍኑታል ወይስ የት ጋ እንዳመመው ይጠይቁታል?"

አዛውንቱ ደማቸው ፈላ። "አንቺ ሳትወለጂ መሪ የጨበጥኩ ሰው ነኝ! ዘዴውንም ያስተማሩኝ መሪ ያስጨበጡኝ ሰው ናቸው። ደግሞ በቅርቡ ቺንጋውን ቀይሬዋለሁ፤ አዲሱም ጮኸ። ጠባዩ ነው በቃ!"

"አዲሱም ከጮኸማ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። ይህ ቺንጋ ዲናሞውንም የውሃ ፓምፑንም የመሪውን ፓምፕም ያዞራል። ከተበጠሰ ባትሪው አይሞላም፣ መሪው ይከብዳል፣ ሞተሩ ይፈላል። ያውም ዳገት መሀል፣ እህቴ ከኋላ ወንበር ላይ እያማጠች!"

መቼም ከዚህ ሁሉ አዛውንቱ ጆሮ የገባው "እያማጠች" የሚለው ብቻ ነው። ግን እንዲህ በቀላሉ እጅ ሊሰጡ?

"ወሬ አታብዢ። አሳዪኝ!"

"እሺ። የሞተሩን ቁልፍ ኪስዎ ይክተቱት።" ቺንጋውን የሚወጥረውን ክብ መዘውር፣ ፑሌጃውን፣ በመፍቻ ገፋ አድርጋ ቺንጋውን አወጣችው። ውስጡ ተፍቆ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። "አሁን ሁሉንም በእጅዎ ያዙሯቸው።"

ዲናሞውን አዞሩት፤ ጥሩ ነው። የውሃ ፓምፑም፣ የመሪውም ደህና ናቸው። ወጣሪውን ፑሌጃ ሲያዞሩት ግን አሸዋ የበላ ይመስል ተንገራገጨ፤ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ። ደግመው አዞሩት። ያው ነው። ሰውዬው በክርክር የሚረቱ አልነበሩም፤ የገዛ ጣታቸውን ግን ምን ይበሉት?

"ውስጡ የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ አልቋል!" አሉ ቀስ ብለው። "ለካ እኔ ሳሙና የምቀባው ወዲህ፣ በሽታው ወዲያ! ልጄን ዳገት ላይ ልገድላት ነበር እኮ።" ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ።

"ደርሰንበታል አጎቴ፣ አይዞዎት። ያስተማሩዎት ሰውም ዛሬ ቢኖሩ ይህን ፑሌጃ ዝም አይሉትም ነበር።"

ይቺ ቃል ቁጣቸውን አበረደችው። አብረው ሄደው አዲስ ፑሌጃና ቺንጋ ገዙ። አስተማሪዋ ሌሎቹን ፑሌጃዎች ከሳሙናው አጸዳች፣ እሳቸው ብሎኑን አጠበቁ። ሞተሩ ሲነሳ ጸጥ አለ። አዛውንቱ "ተመስገን!" ብለው ግንባሯን ሳሟት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ምጡ መጣ። ዳገቱ መሀል ልጃቸው በጭንቅ ውስጥ ሆና፣ "አባዬ፣ ምነው ዝም አለ? ቆመ እንዴ?" አለች።

"አልቆመም ልጄ፤ ድኖ ነው!"

ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ልጃቸውን ለአዋላጆች አስረክበው ሲንቆራጠጡ አንድ ወጣት ሾፌር የሚጮህ ቺንጋ ላይ የሞተር ዘይት ሊያፈስ ሲል አዩት። አላስቻላቸውም።

"ተው ልጄ፣ ተው! ጩኸቱ ወዳጅህ ነው፤ አስቀድሞ እየነገረህ ነው። ቺንጋውን አውጣና ፑሌጃዎቹን አንድ በአንድ አዙራቸው። የታመመውን ብቻ ከቀየርክ ቺንጋህ ይሰነብታል፣ ሞተርህ አይፈላም፣ የጫንከውን ሰው ካሰበበት ታደርሳለህ።"

ወጣቱ የዘይቱን ጣሳ መልሶ ሲከድን አዋላጇ በመስኮት ብቅ አለች። "አባት! ልጅዎ በሰላም ተገላገለች፤ ሴት ናት!"

ከውስጥ የሕፃኗ ለቅሶ ግቢውን ሞላው። አዛውንቱ እንባቸው ዱብ ዱብ እያለ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

"ይህችን ደግሞ" አሉ፣ "ማንም ዝም እንዳያሰኝብኝ!"