የአማኑኤል መሐላና የወርቁ ጣራ

እናቴ ትሙት አታምኑኝም! እናቴማ ከሞተች ቆይታለች፣ ነፍሷን ይማርና፣ ግን ለመሐላ ዛሬም ትጠቅመኛለች። አማኑኤልን ብዬ ብምልላችሁ ታምኑኝ ነበር፤ እኔ ግን በአማኑኤል መማል ትቻለሁ። ለምን ተውክ በሉኝ። በሉኝ እንጂ! እሺ፣ ካላችሁኝ ልንገራችሁ።

በእኛ ጊዜ፣ እዚህ ከአሰላ በላይ ጭላሎ ሥር፣ ሰው ጌታን የሚጠራው እንደ ቸገረው ነበር። በሬ ገደል ሲገባ «መድኃኔ ዓለም ድረስ!» ነው። በረዶ ገብሱን ሊያጭደው ሲመጣ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ!» ነው። «አማኑኤልን!» የሚባለው ደግሞ ለመሐላ ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ሀን ከቤት ምሰሶ አልለያትም፤ ታዲያ ሲመስለኝ እነዚህ ስሞች እንደ ገበሬ ዕቃ ናቸው፤ ማረሻው ለማረስ፣ ማጭዱ ለማጨድ፣ አማኑኤል ለመቆለፍ። አዎ፣ ለመቆለፍ! አማኑኤልን ብለህ ከማልክ ተቆለፈ፣ አለቀ።

ታዲያ እህቴ አስካለ ባል ነበራት፣ ወርቁ የሚባል፤ ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ስንት ጥርስ እንዳለው ከእህቴ በቀር የሚያውቅ የሌለ ሰው። እና ይሄ ወርቁ አንድ ቀን አሰላ ወርዶ ጫማ ገዛ። ጥቁር የቆዳ ጫማ! በመንደራችን የመጀመሪያው ጫማ ነው። ሲራመድ ቂው ቂው ይላል፤ ድምፁ ዲክሲስ ድረስ ይሰማል፤ ውሻ ይጮህበታል፤ ላሞች ሰምተው ወተት ይይዛሉ። ቤተ ክርስቲያን ሲመጣ ግን ማውለቅ ግድ ነውና፣ በሩ ላይ አውልቆ፣ በነጠላው ጫፍ ወልውሎ፣ እንደ መንታ ልጅ ጎን ለጎን አስተኝቶ ይገባል።

እኔ ደግሞ... ገና ምን ሰማችሁና ትስቃላችሁ? እኔ ደግሞ ከኪሴ እንቁላል አወጣሁ። አንድ ብቻ! ከቀኙ ጫማ ውስጥ፣ ጣቱ የሚደርስበት ድረስ ገፋ አድርጌ አስቀመጥኩት፤ ዶሮ ራሷ እንደዚያ በጥንቃቄ አታስቀምጠውም።

ቅዳሴ አለቀ። ወርቁ ወጣ። ሕዝቡ ሁሉ ቆሞ ያያል። ግራውን አጠለቀ፤ ቀኙን አጠለቀ፤ ቀጭ! አስኳሉ በክሩ ቀዳዳ ተፈናጥሮ ወጣ፣ እናቴ ትሙት፣ ከማዶ የቆሙት ሴቶች ነጠላ ላይ አረፈ። ሕዝቡ በሳቅ ወደቀ። የነፍስ አባታችን መምሬ ኃብቴ እንኳ መስቀላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ በዓይኔ አይቻለሁ።

ወርቁ ግን ፊቱ አመድ መሰለ። «ደምሴ» አለኝ፣ ቀስ ብሎ፤ ቀስ ብሎ ሲናገር ነው የሚያስፈራው። «አማኑኤልን! ከዛሬ ጀምሮ ደጄን እንዳትረግጥ!»

እኔስ ዝም ልበል? «አማኑኤልን! እግሬ ደጅህን ከረገጠ ይቆረጥ!» አልኩት።

ቀኑ ደግሞ ሃያ ስምንት፣ የአማኑኤል ዕለት። ተቆለፈ።

እንዲህ ያለ መሐላ መፍቻ የለውም ማለት አይደለም። ሁለቱ ሰዎች አብረው የነፍስ አባታቸው ዘንድ ይሄዳሉ፣ እሳቸው «እግዚአብሔር ይፍታችሁ» ይላሉ፣ ስግደት ያዛሉ፣ በቃ። ግን እኔ «እሱ ይቅደም» እላለሁ፣ እሱም «እሱ ይቅደም» ይላል፣ እና ማንም ሳይቀድም ሁለት ዓመት ሄደ። አስካለ መካከል ቀረች። አባት የላት፣ እናት የላት፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ልጅ የላት፣ ያለኋት እኔ ብቻ። የማወራት ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ነው፤ እሷ ከውስጥ፣ እኔ ከውጭ፣ እንደ እስረኛና እንደ ጠያቂ።

ታዲያ በስንት ልመና ወለደች! ወንድ! እልልታው ሰባት ጊዜ ሲያስተጋባ እኔ እርሻ ላይ ነበርኩ፤ ሞፈሩን ጥዬ ሮጥኩ፣ ሮጥኩ፣ ከደጃፉ ስደርስ እግሬ ቀጥ አለ። እዚያው አጥሩን ይዤ አለቀስኩ። እኔ ሳለቅስ አይታችሁ አታውቁም አይደል? ያን ቀን ያለቀስኩት ዕንባ ቢገድቡት አንድ ማሳ ያጠጣ ነበር።

አስካለም ላከችብኝ። «በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሳል። ከድግሴ ላይ ካልተቀመጥክ፣ ስሞት እንዳትቀብረኝ» ብላ። ሰማችሁ? እንዳትቀብረኝ!

አሁን «ታዲያ መምሬ ዘንድ አትሄድም ነበር?» ልትሉኝ ነው። ሄጃለሁ እኮ! ግማሽ መንገድ ላይ ስደርስ ወርቁ በሩቅ ቂው ቂው እያለ ሲመጣ አየሁትና «ሽንፈቴን ሊያይብኝ ነው» ብዬ ተመለስኩ።

ለክርስትናው ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ መምሬ ዛፉ ሥር ወንጌል ይተረጉሙልናል። «ጌታ ስሙ ብዙ ነው» አሉ። «እረኛ ይባላል፣ የባዘነውን ይፈልጋልና። ብርሃን ይባላል፣ ጨለማን ያርቃልና። መድኃኒት ይባላል፣ ያድናልና።» ከዚያ የዚያን ሽባ ታሪክ አነሱ፤ አራት ሰዎች ተሸክመውት መጡ፣ ቤቱ በሰው ስለ ሞላ መግቢያ አጡ፣ ጣራውን ነድለው በገመድ አወረዱት፣ ጌታም «ኃጢአትህ ተሰረየችልህ» አለው፣ ተነስቶም አልጋውን ተሸክሞ ሄደ።

እኔ እጄን አወጣሁ። «መምሬ፣ የቤቱ ባለቤት ምን አለ?»

«የቱ ባለቤት?»

«ጣራው የተነደለበት ነዋ!»

«አልተጻፈም።»

«ማን መልሶ ከደነለት?»

«ደምሴ፣ አልተጻፈም አልኩህ! ተቀመጥ!»

ተቀመጥኩ፤ ሐሳቤ ግን አልተቀመጠም። ምን ብዬ ነው የማልኩት? እግሬ፣ ደጅህን፣ ከረገጠ። ስለ ጣራ የተናገርኩት ነገር አለ? የለም!

ጎረቤቴ ገመዳ ዘንድ ሄድኩ። ገመዳ የአርሲ ልጅ ነው፣ ሙስሊም፤ ጠንካራ ነው፣ በሬና ጎተራ አንድ ላይ ቢያሸክሙት «ሌላ የለም?» የሚል። ነገሩን ስነግረው ራሱን ያዘ።

«ማሎ ደምሴ! የማልከው አንተ፣ አንገቱ የሚሰበረው እኔ?»

«መጽሐፍ ላይ ያለ ነው እኮ!»

«የመርየም ልጅ ኢሳ በሽተኛ እንደሚፈውስ እኛም ሰምተናል፤ ጤነኛ ሰው በጣራ ይግባ ማለቱን ግን ወላሂ አልሰማሁም።»

«እዚያ አራት ሰው ነው ያወረደው፤ አንተ ብቻህን አራት ነህ።»

ይሄን ሲሰማ ደስ አለው፣ ጠፍሩን አነሳ።

የክርስትናው ቀን ሕፃኑን ቤተ ክርስቲያን ከዛፍ ኋላ ሆኜ በሩቅ አየሁት፤ ስሙ ማን እንደተባለ እንኳ አልሰማሁም። ቀትር ላይ ቤቱ በሰው ጢም አለ፣ ዘፈኑ ደራ። ገመዳ በጀርባው አዝሎኝ በጓሮ አጥሩን ተሻገረ፤ እኔ እግሬ መሬት እንዳይነካ ሰብስቤ እንደታሰረች ዶሮ ሆኛለሁ። ከጀርባው ቀጥታ መሰላል ላይ፣ ከመሰላሉ ጣራው ላይ። በሁለት ወራጅ መካከል ሳሩን ገለጥን፣ ገመዳ ጠፍሩን በብብቴ ሥር አሰረና ለቀቅ አደረገኝ።

ወረድኩ። ሳሩ ከእኔ ጋር ወረደ፤ ጥላሸቱ ከሳሩ ጋር ወረደ፤ ሁሉም ወጡ ላይ። ሴቶቹ «በስመ አብ!» አሉ። አንዲት አሮጊት «መልአክ ነው! መልአክ ነው!» ብለው ተንበረከኩ። ሌላዋ «እንዲህ ያለ ተረከዝ ያለው መልአክ የለም፣ ይነሱ» አሏቸው።

ታዲያ መሬት ልነካ አንድ ክንድ ሲቀር አንድ ነገር ትዝ አለኝ። መውረዱን አስቤአለሁ፤ መቆሙን አላሰብኩም! እግሬ መሬቱን ከነካ የወርቁን ቤት ረገጥኩ ማለት አይደለም? ጉልበቴን ወደ ደረቴ ሰበሰብኩና እንደ ቅል ተንጠለጠልኩ።

ገመዳ ከላይ «ልልቀቅህ?» ይላል።

«እንዳትለቀኝ!»

«ልሳብህ?»

«እንዳትስበኝ!»

«ማሎ! ታዲያ ምን ልሁን?»

አስካለ ተነሳች። ታለቅስ ይሁን ትስቅ አልለየሁትም። መጣችና ሕፃኑን እንደተንጠለጠልኩ አሳቀፈችኝ፤ አዎ፣ አየር ላይ! «ወንድሜ፣ ይኸው ልጄ» አለችኝ። «ክርስትና ስሙ ወልደ አማኑኤል ነው።»

አማኑኤል! ያ እኔ ለቁልፍ ያደረግኩት ስም፣ ክንዴ ላይ ወተት ወተት እየሸተተ ተኝቷል።

መምሬ ኃብቴ ከመደቡ ተነሱ። «ደምሴ፣ በማን ስም ነው የማልከው?»

«በአማኑኤል፣ አባቴ።»

«አማኑኤል ምን ማለት ነው?»

«ያልተማርኩ ሰው ምን አውቃለሁ?»

«እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ማለት ነው። ከእኛ ጋር! እሱ ከሰማይ ወርዶ ከእናንተ ጋር ልሁን ሲል፣ እናንተ በዚያው ስም አብረን አንሁን ብላችሁ ትማላላችሁ? ወርቁ፣ አንተስ ምን ትላለህ?»

ወርቁ አንገቱን ደፋ። «መምሬ፣ እኔ እኮ በቀደም ፍቱኝ ልልዎ ስመጣ ነበር። እሱን መንገድ ላይ ሳየው አፍሬ ተመለስኩ።»

«እኔም እኮ!» ብዬ ጮህኩ፣ ከነጠፍሬ እየተወዛወዝኩ። «እኔም አንተን አይቼ ነው የተመለስኩት!»

«ሁለት በሬ ቢጠመድ ከእናንተ ይሻላል» አሉ መምሬ፤ መስቀላቸውን አነሱ። «በሉ እግዚአብሔር ይፍታችሁ! አርባ አርባ ስግደት!»

ገመዳ ከላይ «ፈቱት እንዴ? እጄ አለቀ!» አለ። አስካለ ሕፃኑን ተቀበለችኝ፣ ገመዳ ለቀቀ፣ እኔም ዱብ! የወደቅኩት የት መሰላችሁ? ከወርቁ ጫማ ፊት። እግሬን አየሁት፤ አልተቆረጠም። ሌላውንም አየሁት፤ አለ። ሁለት ዓመት ሙሉ ትከሻዬ ላይ የነበረ ጆንያ ሲወርድልኝ ታወቀኝ። ወርቁ ጎንበስ ብሎ አነሳኝ፣ ትከሻዬን ሳመኝ፣ አቤት፣ ያን ጊዜ ጥርሱን አየሁት! ሙሉ ነው! አንድ አልጎደለም!

እና ታዲያ ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ መድኃኔ ዓለም ስንለው አንድ፣ ክርስቶስ ስንለው አንድ፣ እረኛ ስንለው ያው አንድ፣ ከስሞቹም ሰውን ከቤት ለማስወጣት የወጣ አንድም የለም።

መምሬ «ከእንግዲህ በዚህ ስም እየማለ ሰውን የሚከለክል ከመካከላችሁ አይኑር» አሉ። ቤቱ ሁሉ «አሜን» አለ። ከሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ አሜን ያለው ወርቁ ነው።

ይሄኔ የጭላሎ ዝናብ፣ ሰዓቱን ጠብቆ የኖረ ይመስል፣ በከፈትኩት ቀዳዳ ገባ። የመጀመሪያዋ ጠብታ የወረደችው የወርቁ ቀኝ ጫማ ላይ ነው። ወርቁ ጫማውን አየ። ቀና ብሎ ጣራውን አየ፤ በቀዳዳው የገመዳ ፊት ወደ ታች ያያል፣ ከገመዳ ኋላ ሰማዩ ጠቁሯል። ከዚያ እኔን አየኝ፣ ክንዴን ጨምድዶ ያዘና፣ እነመምሬ እያዩ፣ አሜኑ ከአፉ ሳይደርቅ፦

«አማኑኤልን! ይህን ጣራ ሳትከድን ከዚህ ቤት አትወጣም!»