አውድማ በደሴ አደባባይ

በእኛ ዘመን የሚዘፍን ሰው ሁለት ዓይነት ነበር፣ አንዱ ለሰው ይዘፍናል፣ ሌላው ለበሬ። እኔ የበሬው ነኝ። አትሳቁ! ምን ያስቃችኋል? ለሰው መዝፈንማ ቀላል ነው፣ ሰው ባይጥመው እንኳ ለይሉኝታ ያጨበጭባል። በሬ ይሉኝታ የለውም፣ ካልጣመው ቀጥ ብሎ ይቆማል። እኔ ከፋለ ስዘፍን ታዲያ በሬ ቆሞብኝ አያውቅም። ወግዲ ድረስ ነበር የምጠራ፣ «ገብሳችን አውድማ ገብቷል፣ አያ ከፋለን ጥሩልን» እየተባለ፣ እና ሄጄ ስድስት በሬ አቆራኝቼ ነዶው ላይ አዞራለሁ፣ እያዞርሁ እዘፍናለሁ፣ ፍሬው ከጭዱ እስኪለይ ጉሮሮዬ አይደክምም። ዘፈን ማለት ይኼ ነው።

ታዲያ መውቂያ ማሽኑ መጣ። መጣና ስድስት በሬ ውሎ የሚያበራየውን እሱ ምሳ ሳይደርስ ጨረሰው። ደግ ነገር ነው፣ አልክድም፣ ልጆቼ ተገላገሉ። ግን ለማሽን ማን ይዘፍናል? ሞክሬዋለሁ፣ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ አንድ ቀን አጠገቡ ቆሜ ጀመርሁ፣ እሱ ድድድድ ይላል፣ የራሴን ድምፅ ለራሴ አላሰማ አለኝ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አዘንሁ። አባቴ ያወረሰኝ ዘፈን በእኔ ሊያበቃ ነው ብዬ አዘንሁ።

እና እንዲህ እንዳለሁ አምና መሠረት መጣች። መሠረትን ታውቋታላችሁ፣ የዚህ የመካነ ሰላም የኪነት ልጆች አለቃ፣ ቀጭኗ። «አባባ» አለችኝ፣ «ደሴ በየዓመቱ የኪነ ጥበብ ፌስቲቫል አለ፣ ከየወረዳው ይመጣል። እኛም ሦስት ዓመት ሄድን፣ ሄደን ምን ሠራን? የደሴዎችን ዘፈን በኪቦርድ ለደሴዎች ዘፍነን መጣን! ዘንድሮ እርስዎ የአውድማውን ይዝፈኑልን።»

«በሬውስ?» አልኋት።

«በሬማ የለም አባባ፣ መድረክ ነው።»

«በሬ ከሌለ ለማን ነው የምዘፍን?»

«ለሕዝቡ ነዋ!»

ጥሩነሽ፣ ባለቤቴ፣ ጓዳ ሆና ትሰማለች። ልጅቱ ስትወጣ ጠብቃ መጣችብኝ። «አንተ ሰው፣ በስተርጅና አዝማሪ ልትሆን ነው? ለእህል የተባለ ለጭብጨባ ይባላል? በረከቱ አይሸሽም?» እሷም እውነት አላት፣ ልጅቱም እውነት አላት። ሦስት ቀን ተኳርፈን ሰነበትን። በሦስተኛው ቀን ራሷ ጥሩነሽ ምን ትለኛለች፣ «ሂድ። ከአንተ ጋር ከሚቀበር ይሰማ። ግን እንደ አውድማው ሥርዓት ይሁን። ጫማ አድርገህ ከዘፈንህ እዚህ ቤት አትግባ!»

አውድማ በጫማ አይገባማ! እናንተ የአስፋልት ልጆች ባታውቁት ነው እንጂ፣ እህል የሚወቃበትን መሬት ሰው በጫማ አይረግጥም። ጌታም ይሁን ሎሌ፣ ዳር ላይ ጫማውን ያወልቃል፣ «በረከት ይግባበት!» ይላል፣ ከዚያ ነው የሚገባ።

ታዲያ ደሴ ገባን። ሕዝብ ብትሉ ሕዝብ ነው፣ በዚህ ሠዓሊው ሥዕሉን ሰቅሏል፣ በዚያ ግጥም ይነበባል፣ ከወዲያ ማሲንቆ ይመታል፣ አደባባዩ ሞልቶ ፈሷል። እና «ቀጥሎ ከቦረና ወረዳ፣ ከመካነ ሰላም!» ተባለ። አገሬ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል ስትጠራ ደረቴ ተነፋ፣ ምን እደብቃችኋለሁ። ደረጃው ሥር ጫማዬን አወለቅሁና ወጣሁ። መድረክ መሪው ጥቁር መነጽር ያደረገ ልጅ ነው፣ ጫማው ያብረቀርቃል።

«አባት፣ ምነው ጫማዎን?» አለኝ።

«አውድማ በጫማ አይገባም።»

«ይሄ እኮ መድረክ ነው!»

«ለአንተ መድረክ ነው። እኔ የአውድማ ዘፈን ከዘፈንሁበት አውድማ ነው። አንተም አውልቅ።»

ልጁ ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ማይኩን ወደ አፉ አስጠጋና «ክቡራትና ክቡራን! አባታችን ጫማ አውልቅ እያሉኝ ነው፣ ካልሲዬ ደግሞ ተቀዷል!» አይል መሰላችሁ! አደባባዩ በሳቅ ተናወጠ። ደሜ ፈላ። እና አፌን ከፈትሁ፣ ድምፅ የለም! ዓይኔ የበሬ ጀርባ ይፈልጋል፣ ጆሮዬ ኮቴ ይፈልጋል፣ የለም። ኪቦርዱ ጢን ጢን ይላል። «ዝም አሰኙልኝ» አልሁ። ዝም አለ፣ ዘፈኑ ግን አልመጣም። አንዱ ከታች «ሽማግሌው ረሱት!» ብሎ ጮኸ። እኔ ልርሳው? መሠረትን ዞር ብዬ ባያት እንባዋ ቀርሯል። ጥሩነሽ ያለችው ደረሰ፣ በረከቱ ሸሸ፣ እኔም አገሬን አዋረድሁ አልሁ በሆዴ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ይኼኔ ከፊት ወንበር አንድ ሽማግሌ ተነሣ። ነጭ ቆብ ያደረገ፣ ከዘራ የያዘ፣ አያ ሰይድ ይባላል፣ የአጅባር ገበሬ ነው፣ ኋላ ነው የነገረኝ። ቀስ እያለ መጣ፣ ደረጃው ሥር ቆመ፣ ጫማውን አወለቀ፣ እና በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ጮክ ብሎ «በረከት ይግባበት!» አለ።

እናንተዬ! ስንት ዓመቴ ነው ይህን ቃል ከሰማሁ! «አሜን፣ ይግባ!» አልሁት።

«ታዲያ ምን አቆመህ?» አለኝ።

«በሬ የለኝማ።»

«አብሽር» አለኝ፣ «ወይኖ እኔ ነኝ።»

ወይኖ እኛ ቀዩን በሬ የምንጠራበት ስም ነው። ይህን ብሎ ከዘራውን ለመሠረት ሰጣት፣ አንገቱን ደፋ አደረገና፣ ያ ሁሉ ዕድሜ ያለው ሰው፣ ዙሪያዬን መዞር ጀመረ። እና ጉሮሮዬ ተከፈተ!

«ዙርልኝ ወይኖዬ፣ ዙር እንደ ልማድህ፣
እህሉ ለልጄ፣ ገለባው ለሆድህ!»

መሠረት ጫማዋን ጥላ ገባች። ልጆቿ ገቡ። ከታች ያለው ሕዝብ ጫማውን እያወለቀ «በረከት ይግባበት! በረከት ይግባበት!» እያለ ወጣ። ወጣቱ፣ ባልቴቱ፣ ሱሪ የለበሰችው፣ ሁሉም በባዶ እግሩ ይዞራል፣ ጣውላው ዱብ ዱብ ይላል፣ ኮቴ አገኘሁ ማለት አይደል! ያ መድረክ መሪ ብቻ ዳር ቆሟል። በኋላ አፈረና አወለቀ፣ ካልሲውም እውነትም ተቀዷል፣ እየተጎተተ ገባ። በሬ ሲለግም በስድብ ነው የሚነዳ፣ እንዲሁ መች አልፈዋለሁ፤

«መነጽር አድርጎ የመጣብኝ በሬ፣
ይለግማል እንጂ መች ሠራልኝ ዛሬ!»

ሳቁ አሁን ወዴት እንደሄደ እናንተው ገምቱ። ልጁ ራሱ ሆዱን ይዞ ነው የሳቀ።

ታዲያ ስወርድ ጫማዬን ብፈልግ ከየት ይምጣ! ደረጃው ሥር የጫማ ክምር ነው፣ የማን የማን እንደሆነ አይለይም። መሠረት «ልግዛልዎት» ብትለኝ እምቢ አልሁ፣ በባዶ እግሬ አውቶቡስ ገባሁ፣ በባዶ እግሬ ቤቴ ደረስሁ። ጥሩነሽ በሩ ላይ ቆማለች። ፊቴን አይደለም ያየችው፣ እግሬን ነው ያየች። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ እሷ ደግሞ እንባዋን ማሳየት አትወድም፣ እና ምን አለችኝ፣ «በሬዎቹ ደኅና ነበሩ?»

«ደኅና ነበሩ» አልኋት፣ «አንዱ ብቻ ለገመብኝ።»

— ዘንድሮስ አባባ? ዘንድሮም እርስዎ ነዎት የዘፈኑ?

ጥሩ ጠየቅህ ልጄ፣ ዘንድሮማ ዘፈኑን ያወጣችው መሠረት ናት። እኔና አያ ሰይድ በሬ ነበርን፣ ጎን ለጎን ተቆራኝተን ዞርንላት። እና ስሙኝ፣ እኔ ደግሞ ይሉኝታ የማላውቅ በሬ ነኝ፣ ካልጣመኝ እቆም ነበር። አንዴም አልቆምሁባትም! ሃሃሃ!