ጨዋ የተባለችው ልጅ

ሰዓት ሠሪውን ሽማግሌ ሰፈርተኛው በስማቸው ጠርቷቸው አያውቅም፤ «አባ ዝም» ነው የሚላቸው። ከሱቃቸው በር ቆሞ ወሬ የጀመረውን ሁሉ፣ ከሥራቸው ቀና ሳይሉ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው «ዝም!» ይሉታል። ምክንያት አላቸው፤ የተበላሸ ሰዓት ችግሩን የሚናገረው በድምፁ ነው ባይ ናቸው። ጆሯቸውን አስጠግተው ካዳመጡ፣ ሞላው ይሁን ጥርሱ፣ ክዳኑን ሳይከፍቱ ይነግሯችኋል። በሙያቸው እንከን አይወጣላቸውም። በጠባያቸው ግን ውኃ ቀጠነ ብለው የሚጣሉ ሰው ነበሩ፤ ይህንንም የምናወራው ልናሞግሳቸው ብለን አይደለም።

አንድ ቀን ጠዋት አንዲት ወጣት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት የቆመ የግድግዳ ሰዓት ይዛ ወደ ሱቁ ጎራ አለች። «እንደምን አደሩ፣ አባባ» ከማለቷ «ዝም!» ተባለች። ደንግጣ ዓይኗን ስታዞር፣ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር አንዲት ትንሽ ልጅ ትራስ ላይ ተቀምጣ የወላለቁ ብሎኖች ስትደረድር አየች። ልጅቱን ታውቃታለች። ባለፈው ሳምንት እናቷ ልታስመዘግባት አምጥታት ነበር። ስምሽ ማነው ሲሏት ጫማዋን አየች፤ ውኃ ትፈልጊያለሽ ሲሏት በጣቷ አመለከተች፤ አራት ዓመት አልፏት አንዲት ቃል አልወጣትም። እናትየው ጤና ጣቢያ ወስዳ ብታስመረምራት ጆሮዋም ምላሷም ደህና ነው ተባለች። ርዕሰ መምህሩ ግን «አመመኝ»፣ «ሽንቴ መጣ» ማለት የማትችል ልጅ አልቀበልም ብለው ቁርጡን ተናገሩ፤ ምዝገባው ደግሞ በወሩ መጨረሻ ይዘጋል። ነገሩ መምህርቲቱን ሲከነክናት ሰንብቷል።

«አባባ፣ ይቺ ልጅ ምንዎ ናት?» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«የልጄ ልጅ ናት። እናቷ ፋብሪካ ስለምትሠራ እኔ ጋ ነው የምትውለው።» ይህን ሲሉ አባ ዝም ያልተለመደ ነገር አደረጉ፤ ወረንጧቸውን አስቀመጡ፤ ፊታቸውም በኩራት ፈካ አለ። «ሰፈሩን ዙሪና እንደ ሚጡ ያለች ጨዋ ልጅ ፈልጊ፤ አታገኚም። አንድ ቀን ሥራ አስፈትታኝ አታውቅም። ጎረቤቱ ሁሉ ጉድ ይላል።»

የመምህርቲቱ ደም ፈላ። ያ ሁሉ ጎረቤት እየመጣ፣ እንዴት ያለች ጭምት ልጅ እያለ ጉንጯን ነክቶ ሲሄድ ታያት። ከዚያ ሁሉ አዋቂ መካከል አንዱ እንኳ፣ ልጅቱ ለምን አትናገርም ብሎ አልጠየቀም።

«ጨዋ አይደለችም፣ አባባ» አለች። «የምትናገርበት ቃል የላትም። የሰጣት ሰው የለም።»

አባ ዝም ዓይናቸው ላይ የሰኳትን ማጉሊያ መንጭቀው አወጡ። በዘራቸው ዘግይቶ መናገር እንዳለ፣ እሳቸውም በልጅነታቸው በትልቅ ሰው ፊት አፋቸውን ከፍተው እንደማያውቁና ይኸው ለወግ ለማዕረግ እንደበቁ፣ በዛሬ ጊዜ ግን ትናንት የተወለደው ሁሉ ልጅ አሳዳጊ ካልመከርኩ እንደሚል፣ ትንፋሽ ሳይወስዱ አወረዱባት።

«ለመሆኑ ለጥርስ ማብቀያ አስተማሪ ይቀጠራል?» ሲሉ ጨረሱ። «ምላስም ጊዜው ሲደርስ ይፈታል።»

«ጥርስ ብቻውን ይበቅላል። ንግግር ግን ከሰው አፍ ነው የሚለቀመው። እስቲ እውነቱን ይንገሩኝ፤ ሲያለብሷት ምን ይሏታል? ሲያበሏትስ?»

«ምን እላታለሁ? አበላታለሁ እንጂ።»

«እናቷስ ከሥራ ስትመለስ?»

«ደክሟት ነው የምትመጣው። እኔ ደግሞ ቤትም ሥራ ይዤ እገባለሁ፤ ቤቱ ጸጥ ማለት አለበት።»

መምህርቲቱ ግድግዳውን ከዳር እስከ ዳር አየችው። ሠላሳ የሚሆን ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል።

«ይህን ሁሉ በድምፁ ብቻ ይለዩታል አሉ።»

«ዓይኔን ጨፍኜ።»

«የሚጡስ ድምፅ ምን ይመስላል? ቀጭን ነው ወይስ ጎርናና?»

አባ ዝም የገዛ የልጅ ልጃቸውን ድምፅ አያውቁትም። መልስ ሲያጡም፣ ብዙዎቻችን እንደምናደርገው፣ ተቆጡ፤ ጠረጴዛውን በጡጫ ነርተው «ውጪልኝ!» አሉ። መምህርቲቱም ሰዓቷን እዚያው ትታ፣ የምዝገባውን ቀን አስታውሳቸው ወጣች።

ቀኑን ሙሉ ቆሽታቸው ሲያር ዋለ። አንድ ሰዓት አንስተው ጆሯቸው ላይ ቢያደርጉት፣ የሚሰሙት የዚያችን ደፋር ጥያቄ ብቻ ሆነ። ከሰዓት በኋላ በእልህ ተነሡ። ቆይ ላሳያት ብለው ልጅቱን ከጠረጴዛው ሥር አውጥተው በርጩማው ላይ አስቀመጧት፤ ሊያናግሯት ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። ምን እንደሚሏት ግን አላወቁም። የልጅ ወሬ አያውቁማ! ጉሮሯቸውን ጠርገው ያገኙትን አነሡ።

«ይሄ... ሞላ ነው፣ ሚጡ። ሲጠመዘዝ ጉልበት ያጠራቅማል። ይሄ ደግሞ...»

ልጅቱ ዓይኗን አፍጥጣ አፋቸውን አየች። ወደ ግድግዳው ሰዓቶች ዞር አለች፤ ተመልሳ ወደ እሳቸው። ከዚያ ግንባሯን ልክ እንደ እሳቸው ቋጥራ፣ ትንሽ ጣቷን ዘርግታ ከንፈራቸው ላይ አደረገች።

«ዝም!» አለቻቸው።

ድምፅዋ ጥርት ያለ ነው፤ ቃሏ እንከን የለበትም። በአራት ዓመት ዕድሜዋ ቤቱ ያስተማራት ይህችን አንዲት ቃል ነው፤ እሷንም ሥራ ላይ ያዋለቻት አያቷ ሊያናግሯት በሞከሩበት የመጀመሪያ ቀን ነው። ቁጣቸው መጀመሪያ ወደ መምህርቲቱ ሄደ፤ ከዚያ ጨዋ ናት ወደሚለው ጎረቤት፤ ከዚያ የሚሄድበት አጥቶ ወደ ራሳቸው ተመለሰ። ያን ቀን ሱቁን በጊዜ ዘጉ።

ልጃቸው ከፋብሪካ ስትመለስ የሆነውን ነገሯት። ታለቅሳለች ብለው ጠብቀው ነበር፤ እሷ ግን ተቆጣች። «አባዬ፣ ስወልዳት ላንጎራጉርላት ፈልጌ ነበር» አለች። «እርስዎ ዝም በይ አሉኝ። በገዛ ልጄ ፊት አፌን ዘጉብኝ፤ እኔም እርስዎን ፈርቼ ልጄን ተውኳት።» አባ ዝም አንገታቸውን ደፍተው ሰሟት። ዝም በይ አላሏትም።

በማግስቱ የመምህርቲቱን ሰዓት ሠርተው፣ ሚጡን በእጃቸው ይዘው መዋዕለ ሕፃናቱ በር ላይ ተገኙ። ይቅርታ መጠየቅ ስለማያውቁበት በቁጣ ድምፅ ጠየቋት፦

«ምን ላድርግ? ንገሪኛ!»

«የሚገዛ ነገር የለውም፣ አባባ። እጅዎ የሚሠራውን አፍዎ ይናገረው። ካልሲ ሲያለብሷት ካልሲ ይበሉ፤ ሰዓት ሲፈቱ እያንዳንዱን ዕቃ ይጥሩላት። በጣቷ ስታመለክት ስሙን ይንገሯትና፣ ቢቆይም እንኳ እስክትሞክረው ይጠብቋት። ስትሳሳት አይሳቁባት። እናቷም ታንጎራጉርላት።»

«እንደዚህ ባደርግ ምን ታገኛለች?»

የመምህርቲቱ ቁጣ ያኔም አልበረደም። «ጓደኛ ታገኛለች። የማታውቀውን ትጠይቃለች፤ የጠየቀ ልጅ ነው የሚማረው። ሲያማት የት እንዳመማት ትናገራለች፤ የማትፈልገውን እንቢ ትላለች። ነገ አንዱ ክፉ ሰው ቢነካት በየትኛው አፏ ልትነግርዎ ነው? ያንን አፍ የዘጋባት እርስዎ ጨዋነት ያሉት ነገር ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠረጴዛው ሥር የነበረው ትራስ ወደ በርጩማው ወጣ። ሽማግሌው መጀመሪያ ላይ እንደ ዜና አንባቢ ደርቀው ነበር የሚያወሩት፤ ደንበኛ ሲገባ ያፍራሉ። ቀስ በቀስ ለመዱት። ልጅቱም «ሞላ» አለች፤ ሌላ ቀን «ጥርስ»፣ ሌላ ቀን «ውኃ ስጠኝ»። በወሩ መጨረሻ ርዕሰ መምህሩ ፊት ቀርባ ስምሽ ማነው ስትባል፣ ስሟን ተናግራ ሳታበቃ፣ የቆመ የእጅ ሰዓታቸውን በጣቷ እያሳየች «ታመመ» አለቻቸው። ርዕሰ መምህሩ ስቀው መዘገቧት።

ዓመት ሳይሞላ ሱቁ ገበያ መሰለ። ሚጡ ከትምህርት ቤት ስትመለስ አፏ አያርፍም፤ ለምን፣ እንዴት፣ ማን ትላለች። አንድ ቀን ሽክ ያለ ሰውዬ ውድ ሰዓት ይዞ ገባ። አባ ዝም ጆሯቸውን አስጠግተው ሊያዳምጡት ሲሉ፣ ሚጡ ከበርጩማዋ ተንጠራርታ ሰዓቱ ወድቆ ነው ወይስ ውኃ ገብቶበት እያለች ሰውየውን ትጠይቀው ጀመር። ሰውዬው ፊቱ ቅጭም አለ።

«ዝም በይ አንቺ! ልጅ በትልቅ ሰው ፊት እንዲህ ይለፈልፋል?»

አባ ዝም ማጉሊያቸውን ከዓይናቸው አወረዱ። ሰዓቱን የሰውየው መዳፍ ላይ መልሰው፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፉለት።

«ሌላ ሰዓት ሠሪ ፈልግ» አሉት።

«ኧረ ገና አላዩትም!»

«አላየውም።»

ከዚያ ጀርባቸውን ሰጡትና በርጩማውን ወደ ራሳቸው ሳቡ። «እሺ ሚጡ» አሉ፣ ጆሯቸውን አስጠግተው። «ምን ነበር ያልሽው? ድገሚልኝ።»