ለመዲና መልስ ያጣንበት ቀን

ክቡራትና ክቡራን፣ ክቡር ሙዲራችን፣ የቢሮው ባለቤት ሂሻም፣ ከሌሎች ቢሮዎች የመጣችሁ ባለቤቶች፣ እህቶቼ በሙሉ፤

ለቤንዚን ስትሰለፉ፣ ለዳቦ ስትሰለፉ ሰንብታችሁ፣ ዛሬ ደግሞ እኔን ልትሸኙ ካርቱምን አቋርጣችሁ አል-ሳሃፋ ድረስ መጣችሁ። ይኼኛው ሰልፍ ቢያንስ ወንበር አለው። ምግቡን ለሠራችሁ፣ ግቢውን ላስዋባችሁ፣ ጄኔሬተሩን ለተዋሳችሁልን ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ።

አሥር ደቂቃ ተሰጥቶሻል ተብያለሁ። ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት አሥር ደቂቃ! ሰዓት የሚይዘው የኮምፒውተራችን ሰው ቢልልኝ ነው አሉ። እኔን በሰዓት ለማስቆም የሞከረ ሁሉ እስካሁን አልሆነለትም፤ እሱም ይሞክር።

ሥራዬን ለማታውቁ እንግዶች ልንገራችሁ። ይህ ቢሮ የቤት ሠራተኛን ከአሠሪ ያገናኛል። ማን ወደ የትኛው ቤት እንደምትሄድ የምመርጠው እኔ ነበርኩ። ከሀብታሞቹ ሰፈር ከካፉሪ አንድ ቪላ ይደውልና «ልጅ የምትወድ ላኪልን» ይላል፤ ስልኩን ሳልዘጋ የአንዷ ፊት ይመጣብኛል። አንዲት ሴት ከሥራ ከቀረች ደግሞ ሳልደውልላት አላድርም። «ለምን ቀረሽ?» እላለሁ፤ የነገረችኝን በደብተሬ እጽፋለሁ። ታመመች፣ የሚያመጣት ረክሻ አጣች፣ አሠሪዋ አትምጪ አለቻት፣ ሁሉም ተጽፏል። ማንም አላዘዘኝም፤ አመሌ ነው።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። አገሩ አዲስ መንግሥት ሲያገኝ ሂሻምም በአዲስ ነገር ተለከፈ። ከዱባይ ፕሮግራም አስመጣ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው ተባለ። ያለፈውን መዝገብ አንብቦ የትኛዋ ሠራተኛ ለየትኛው ቤት እንደምትሆን ራሱ ይናገራል።

«ኻልቲ ዘርፈሽ፣ ኸላስ፣ በቃ፣ ከእንግዲህ ታርፊያለሽ» አለኝ፤ ኻልቲ ማለቱ አክስቴ ነው።

እውነቱን ልናገር? ቀናሁ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በጭንቅላቴ የያዝኩትን በአንድ ጠዋት ሲዘረግፈው ጊዜ ቅናት ገደለኝ። መብራት ሲጠፋ ግን ሁላችሁም ወደኔ ትሮጡ ነበር። ካርቱም ውስጥ መብራት ሲጠፋ ደስ የሚላት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

አሁን የቆምኩበትን ጉዳይ ልናገር። ደብተሬን ወደ ኮምፒውተሩ ስንገለብጥ አንባቢዋ እኔ፣ ጸሐፊው ቢልልኝ ነበርን። ያለፈው ሰኔ ላይ ስንደርስ ገጹ ጥቅጥቅ ብሎ ሞልቷል፤ በዚያ ወር ከሰፈሯ የምትመላለስ ሁሉ ቀርታ ነበራ!

«እትዬ ዘርፌ፣ ምክንያቱንም ልጻፈው?» አለኝ።

ደክሞኛል፤ በዚያ ላይ ተናድጃለሁ። «ተወው፣ ኤክስ በቃ» አልኩት። «ለማሽን ምክንያት ምን ያደርግለታል?»

ጥፋቱ የማሽኑ ነው የምትሉ አላችሁ። አይደለም፤ የኔ ነው። ይህን በሰው ፊት ሳልናገር ብሄድ እንቅልፍ አይወስደኝም።

በዚያ ሰኔ በተቃውሞው የተነሣ ከሐጅ ዩሱፍ ሰፈር የሚያስወጣው መንገድ በድንጋይና በሚቃጠል ጎማ ተዘግቶ እንደነበር የማያውቅ የለም። እዚያ የሚኖሩት እህቶቻችን ከሰፈራቸው መውጣት አልቻሉም። ካፉሪ አሠሪዎቻቸው ቤት የሚያድሩት ግን አንድም ቀን አልቀሩም። ወዴት ይቀራሉ? ፕሮግራሙ ኤክሱን ቆጠረና የሐጅ ዩሱፍ ሴት ትቀራለች ብሎ ደመደመ። ስማቸውን ወደ ታች አወረደው። እኛስ? ከላይ ያሉትን አምስት ስሞች እያየን እንደውላለን። የታቹን ማን አየው?

የሐጅ ዩሱፏን መዲና ታውቋታላችሁ፤ ያቻትና፣ መስኮቱ ሥር። አትሸፋፈኚ መዲና፣ ይዩሽ! ስምንት ዓመት አንድ ቤት ሠርታ አሠሪዎቿ አገር ለቀው ሲሄዱ፣ ሌላ ቤት ፈልጉልኝ አለችን። አንድ ሳምንት አለፈ፣ ሁለት፣ ሦስት። ኢቃማዋ ሊያልቅ አሥራ ሁለት ቀን ቀረው። አሠሪ ከሌላት የመኖሪያ ወረቀቷ አይታደስም፤ ካልታደሰ ደግሞ ፖሊስ መንገድ ላይ ሲያስቆማት ምን እንደሚከተል ለእናንተ አልነግርም።

ያን ዕለት በሩን ከፍታ ገባች። ተቀመጪ ብንላት አልተቀመጠችም።

«እታለም፣ ምን በደልኩሽ?» አለችኝ።

«ኧረ ምንም!»

«ታዲያ ሰው ሁሉ ሲጠራ እኔን ለምን ተውሽኝ?»

ሂሻምን አየሁት። ሂሻም ቢልልኝን አየው። ቢልልኝ ስክሪኑን አየ።

«ፕሮግራሙ ነው እንደዚህ ያለው» አላት ሂሻም።

«ለምን አለ?»

መልስ የለንም! ሦስት ትልልቅ ሰዎች ተቀምጠን፣ የአንዲት ሴት እንጀራ ቆርጠን፣ ለምን እንደቆረጥን አናውቅም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከመሳቢያዬ ደብተሩን አወጣሁት። መዲና፣ ሰኔ፣ አሥራ አንድ ቀን። አጠገቡ በገዛ እጄ፦ «መንገድ ዝግ ነው። ማዳም ራሷ ደውላ እንዳትወጪ ብላታለች።» ዘጠነኛው ቀን ላይ ደግሞ፦ «በእግሯ ተነሥታ ነበር፤ መንገዱን የዘጉት ልጆች ወታደሮች ይተኩሱብሻል ብለው መለሷት።» ይቺን ነው ቀሪ ያልናት! ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

ሂሻም፣ አንገትህን አትድፋ፤ አሁን ላመሰግንህ ነው። ሌላ ባለቤት ቢሆን ወይ ፕሮግራሙን አውጥቶ ይጥል፣ ወይ መዲናን አባብሎ ይሸኝ ነበር። እሱ አንድ ሳምንት ሥራውን ዘጋ። ምክንያቶቹን አንድ በአንድ አስገባን፤ የቢልልኝ ጣት አብጦ ነበር። የሐጅ ዩሱፍን ሴቶች ሰብስቦ በዚያች በተሰባበረች አማርኛው «እኛ ተሳስተናል፣ ይቅርታ» አላቸው። ሙዲር ይቅርታ ሲጠይቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ከዚያ ግድግዳው ላይ አንድ ወረቀት ለጠፈ። ፕሮግራሙ ዝቅ ያደረጋትን ሴት፣ ፊት ለፊት ቆሞ ምክንያቱን የሚነግራት ሰው ከሌለ፣ ማንም እንዳይዘላት ይላል። መዲና ሥራ እንደገና በጀመርን በአራተኛው ቀን ቤት አገኘች፤ ኢቃማዋም ታደሰ። አልሐምዱሊላህ።

እናንተ ባለቤቶች፣ ይህንኑ ፕሮግራም ልትገዙ እንዳሰባችሁ ሰምቻለሁ። ግዙት። እኔ ጠላቱ አይደለሁም። እንዲያውም አንድ ጉዴን አውጥቶብኛል፤ ለካ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጥሩ ጥሩውን ቤት ለአገሬ ለወሎ ልጆች ሳድል ኖሬያለሁ! ሳቁ፣ ሳቁ! ሰውም ያዳላል፣ እሱም ያዳላል። ግን እኔን «ለምን?» ብለው ይይዙኛል። እሱን ማን ይይዘዋል? ከእናንተ ከባለቤቶቹ በቀር ማንም። ሻጩ መጥቶ ሲያሳያችሁ ከላይ ማንን እንዳስቀመጠ አትጠይቁት፤ ከታች ማንን እንደጣለ ጠይቁት። እሷን ጥሯትና አነጋግሯት። ያኔ የገዛችሁትን ታውቃላችሁ።

ቢልልኝ፣ ሰዓቱን አየሁት፤ ልጨርስ ነው።

ባለፈው ሳምንት በኔ ቦታ ሰው ለመቅጠር ሂሻም ፕሮግራሙን ጠየቀው። ሦስት ስም አወጣ፤ ሦስቱም ዲፕሎማ አላቸው። እኔ የምለው ነበረኝ፤ ግን ከንፈሬን ነክሼ ዝም አልኩ። እኔ ዝም! ሂሻም ዝርዝሩን ወደ ታች፣ ወደ ታች ሄደና መጨረሻው አካባቢ አንድ ስም ላይ ቆመ።

«መዲና ለምን እዚህ ሆነች?» አለ።

ማንም ሳይነግረው፣ ራሱ።

«የትምህርት ወረቀት የላትም» አለው ቢልልኝ።

«ሦስታችንንም ዝም ያሰኘችን እሷ አይደለችም እንዴ?» አለ ሂሻም።

ያን ጊዜ ሻንጣዬን ማሰር እንደምችል ገባኝ። ሰኞ ጠዋት ኮምቦልቻ፣ ልጄ ዘንድ እሄዳለሁ፤ በደስታ ነው የምሄደው።

ወገኖቼ፣ መንገዳችሁ አይዘጋ። መብራታችሁ አይጥፋ፤ ቢጠፋም ደውሎ የሚጠይቃችሁ ሰው አይጥፋ። ወረቀታችሁ በጊዜው ይታደስ፣ አገር ቤት ያሉ ወላጆቻችሁ በሕይወት ይቆዩላችሁ። እኛን ያስጠለለ ይህ አገር የደከመለትን ሰላም ያግኝ። ቢሮውም ይስፋ፤ ሲሰፋ ግን የታቹን ስም የሚያይ ዓይን አይጣ። አሜን በሉ።

መዲና፣ ነይ ደብተሩን ተቀበይኝ። ከሰኞ ጀምሮ ወንበሩ ያንቺ ነው። ለቀረች ሴት ሁሉ ደውዪ፤ ምክንያቱ ቢረዝምም ሙሉውን ጻፊው። የመጀመሪያዋ ቀሪ ደግሞ እኔ ነኝ። አደራሽን፣ ስሜ አጠገብ ኤክስ አድርገሽ እንዳታልፊኝ። «ዘርፈሽ አልመጣችም፤ የሚተካት ሰው አግኝታ፣ ደስ ብሏት ወደ ልጇ ሄደች» ብለሽ ጻፊልኝ።