በጤዛ የበተንኩት ማዳበሪያ

የእህቴን ልጅ ያገኘኋት ሳላስበው ነው። የግብርና ባለሙያ ናት። ወደ ሥራዋ ስትሄድ በማሳዬ ዳር አለፈችና በቆሎዬን አይታ ቆመች። ቅጠሉ እሳት እንደተፈናጠረበት ሁሉ ነጭ ነጠብጣብ ሞልቶበታል።

«እንደምን አደሩ አጎቴ? ይህን ቅጠል ምን ነካው?»

«በረዶ ነው» አልኳት።

«በረዶው ጎረቤትዎን ፈርቶ ነው የዘለለው?»

ወደ ጎረቤቴ ማሳ ዞር አልኩ። የጎረቤቴ ቅጠል እንከን የለበትም።

እውነቱ ይህ ነው። በሰው ፊት «ማዳበሪያ የመሬት አረቄ ነው፤ ዛሬ ያስጨፍራል፣ ነገ ይጥላል» እያልኩ ስሰብክ ከርሜአለሁ። ኋላ የጎረቤቴ በቆሎ የእኔን በአንድ ክንድ ሲበልጠው አላስቻለኝም። ዩሪያ ገዛሁ። ሰው እንዳያየኝ በማለዳ፣ ጤዛው ሳይደርቅ፣ እንደ ዘር በተንኩት። እርጥቡ ቅጠል ላይ ተጣብቆ አቃጠለው።

«ዩሪያ ነው ያቃጠለው፤ ለማንም አልናገርም» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እኔን የጨነቀኝ የእናቴ በቆሎ ነው።»

«የእሷ ደግሞ ምን ሆነ?»

«የታችኛው ቅጠል ከጫፉ ተነሥቶ መሐል ለመሐል ቢጫ ሆኗል። ናይትሮጅን ያጣ በቆሎ እንዲህ ነው፤ ከአሮጌው ቅጠል ነጥቆ ለአዲሱ ይሰጣል። በዚሁ ከቀጠለ እሸቱ ይቀጭጫል፣ ጫፉም ራሰ በራ ይሆናል። ገበያ ስታወጣው ማን ይገዛታል? አሁን ቁመቱ ጉልበት ደርሷል፤ ይህ ሳምንት ካለፈ አለፈ። ብነግራት ‹ወንድሜ አይበጅም ብሏል› ትለኛለች።»

«ማዳበሪያ የበላ በቆሎ እኮ ጣዕም የለውም» አልኩ። መሸነፍ አልፈለግሁም።

«ጣፋጭነቱ የዘሩና በጊዜው የመልቀም ነው። ማዳበሪያው ፍሬውን ይሞላዋል። ሲበዛ ግን አገዳው በከንቱ ይፋፋል፣ እሸቱ ይዘገያል፣ ነፋስም ይጥለዋል። ይጥላል ያሉት ይህን አይተው ከሆነ አልተሳሳቱም።»

ይህን ያለችው እኔን ላለማዋረድ እንደሆነ ገባኝ። ይበልጥ አፈርኩ።

«ታዲያ እንዴት ይደረግ?»

«ጥቂቱ ሲዘራ፣ የቀረው ጉልበት ሲደርስ። ከአገዳው አንድ ስንዝር ያህል ርቆ፣ እርጥብ አፈር ውስጥ ገብቶ ይሸፈን። ቅጠል አያስነኩት።»

እህቴን ደጃፏ ላይ ባልዲ ስታጥብ አገኘኋት። መግዛቴን፣ መደበቄን፣ ማቃጠሌን ነገርኳት።

ባልዲውን አስቀመጠች። «ወንድምዓለም፣ አንተን ሰምቼ ነው እኮ የተውኩት። ስትበትን አንድ እፍኝ ለእህቴ አላልክም?»

በዚህ ዕድሜዬ እንዲያ አፍሬ አላውቅም።

«የተረፈኝን አምጥቻለሁ» አልኳት። «አንቺ አረፍ በይ፣ እኔ እቆፍራለሁ።»

«አላርፍም! አንተን ማን ያምናል? ሄደህ ቅጠሉ ላይ ልትነሰንሰው!»

ልጇ እንዳለችው አደረግን፤ እኔ ቆፈርኩ፣ እሷ ጨምራ አፈር አለበሰችው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አዲሱ ቅጠል ጠቆር ያለ አረንጓዴ ሆነ። ሲደርስም እሸቷ እስከ ጫፉ ሞላ፤ ረድፉ አንድ ጥርስ አልጎደለበትም። ገዢዎች ገለጥ አድርገው ሲያዩ ክርክር አላበዙም። የእኔ ቅጠሉ የተቃጠለው ቀጭን እሸት ሰጠ። ሥራዬ ነው።

ዛሬ ሰዎች መጥተው መቼና ስንት እንደሚጨመር ይጠይቁኛል። የእህቴን ልጅ ቤት አሳያቸዋለሁ። ለምን አንተ አትነግረንም ሲሉኝ፣ አላውቅም እላለሁ። ይህን ቃል ቀደም ብዬ ብለምደው ኖሮ እህቴ ፊት አንገቴን ባልደፋሁ።