ቀለብ የተቆረጠላት ቀይ መኪና

ጋሼ በዛብህ ዳንግላ የመንገድ ካምፕ የገቡ ዕለት ሁላችንም ተሰልፈን ነው የተቀበልናቸው። የምቀልድ እንዳይመስላችሁ! በአርባ ስምንት ዓ.ም. ሰኔ ላይ ነው። ዘበኛው እያለከለከ መጥቶ «ቀይ መኪና መጣች! ጣሪያ የላትም! ሚኒስትር ሳይሆኑ አይቀሩም!» አለን። የዚያን ጊዜው ሹማችን ኮታቸውን ገልብጠው ለበሱ፤ እኔ እጄን በናፍጣ ታጠብኩ፤ በር ላይ ተደርድረን ቆምን። ያቺ የጣሊያን መኪና እየፎከረች ገባችና ፊታችን ላይ ቀጥ አለች። ቀጠን ያሉ ሰው ወረቀት ይዘው ወረዱ። ሹማችን ለጥ ብለው እጅ ነሥተው «ክቡርነትዎ ከየት ነው የመጡት?» ቢሏቸው «ከደብረ ማርቆስ። አዲሱ የዕቃ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነኝ» አሉ። ቀጥለው ደግሞ ወደ መኪናዋ ዞር ብለው «ጌቶች፣ ካላስቸገርኳችሁ ትንሽ ትገፉልኛላችሁ? አንዴ ከጠፋች እሺ ብላ አትነሣም» አይሉም መሰላችሁ!

ገፋን። ምን እናድርግ! ያን ቀን የጀመርን ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ስንገፋ አለን።

ክቡር አቶ ዓለምነው፣ የካምፓችን ሹም፤ የሥራ ጓደኞቼ፤ ለጋሼ የጡረታ መሸኛ የመጣችሁ እንግዶቻችን፤ እኔ አበረ መካኒክ ነኝ፤ ንግግር አላውቅም። መጮህ ግን አውቃለሁ። ዛሬም ብጮህ ተቆጣ አትበሉኝ፣ ደስ ብሎኝ ነው። ለምን ደስ እንዳለኝ መጨረሻ ላይ ታያላችሁ። ጋሼ፣ እርስዎም ጢምዎን መጎተቱን ይተዉና ጠጅዎን ይጠጡ፤ ገና ብዙ አለብዎት።

ነገሩን ለማታውቁ ልንገራችሁ። ባለፈው ሳምንት ጋሼ ጋራዥ መጥተው «አበረ፣ ሸጥኳት» አሉኝ።

«ማንን?»

«እሷን።»

«ኧረ በጊዮርጊስ! ምን አደረገችዎ?»

«ምንም። በጡረታ ደመወዝ እኔና የሻረግ እንበላለን። እሷ ግን አትበላም።»

ገዢው እንግዳችን ከአስመራ ድረስ መጥተው ይኸው ከአቶ ዓለምነው ጎን ተቀምጠዋል። እንኳን ደህና መጡ ጌታዬ! ቂም የለኝም፤ ይብሉ፣ ይጠጡ። ነገ ጠዋት በጭነት መኪና ጭነው ሊወስዷትና ፈታትተው ዕቃዋን አንድ በአንድ ሊሸጡት ነው። እኔ ይህን ይዤ ነው የምቀልደው፤ እወቁልኝ።

እስቲ ደግሞ ምን እንደምትበላ ልንገራችሁ። ጋሼ የእንጅባራ ልጅ ናቸው፤ የፈረሰኛ ልጅ። ደብረ ማርቆስ ሲሠሩ አንድ ጣሊያናዊ መሐንዲስ አገሩ ሊገባ ሻንጣውን ሲያስር መኪናዋን በአንድ ፈረስና በጥቂት ብር ለወጠላቸው። ሰውዬው ሲሰናበታቸው ይስቅ ነበር አሉ። ለምን እንደሳቀ የገባኝ እኔ ነኝ! የካምፑ ጂፕ እንጅባራ ደርሶ በሚመለስበት ቤንዚን እሷ እንጅባራ ላይ ትጠማለች። እሳት የሚጭርላት ካንዴላ ስድስት ትጎርሳለች፤ ስድስቱም የሚመጣው ከአስመራ ነው። ደብዳቤ ይጻፋል፣ ወር ይጠበቃል፣ ዕቃው ይመጣል፣ የሌላ መኪና ሆኖ ይገኛል፣ እንደገና ደብዳቤ ይጻፋል። ጋሼ ከአስመራ ጋር የተጻጻፉትን ያህል ከዘመዶቻቸው ጋር አልተጻጻፉም።

ጎማዋንማ ተዉት! እትዬ የሻረግ አንድ ቀን ጋራዥ በር ላይ ቆመው ባላቸውን ምን እንዳሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«በዛብህ፣ እሷ በዓመት ስንት ጫማ ትቀይራለች?»

«አራት... አንዳንዴ አምስት።»

«እኔስ?»

ጋሼ ጎንበስ ብለው ጎማውን ማየት ያዙ።

«እኔስ ነው የምልህ!»

«የሻረግዬ፣ አንቺ እኮ ረጋ ብለሽ ነው የምትሄጂው» አሏቸው! እንዲህ ተብሎ ይመለሳል? ያን ሳምንት ጋሼ ምሳ የበሉት ከእኛ ጋር ነው።

ሆዷ ደግሞ ከመሬት አንድ ስንዝር ነው። ጠጠሩ ሁሉ ይመታታል። ጋሼ ምን ያደርጋሉ? እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ከካምፑ ጀምሮ መንገዱን ድንጋይ እየለቀሙ ይሄዳሉ። ያላያቸው አለ? እኛ መንገድ የምንጠግነው በደመወዝ ነው፤ እሳቸው በነፃ። የዳንግላ መንገድ ጥሩ ነው እየተባለ አቶ ዓለምነው ምስጋና የተጻፈላቸው ጊዜ ግማሹ የጋሼ ነበር። አቶ ዓለምነው፣ እየሳቁ ነው፤ ይመኑ!

አንዴ ደግሞ በጥሊሊ ገበያ መሐል የውኃ ቱቦዋ ፈነዳ። እንፋሎቱን ያየ ገበያተኛ በርበሬውን እየጣለ ሮጠ። ቱቦ ከየት ይምጣ? ከሰው አጥር አንድ አንጓ ቀርከሃ ለምኜ፣ ውስጡን በጋለ ብረት በስቼ፣ ሁለቱን ጫፍ በጎማ ቁራጭ ጠፍሬ አሰርኩላት። «ለዛሬ ብቻ ነው» አልኳቸው። ሁለት ዓመት ሄደችበት! ባለ አጥሩ አሁንም ባየኝ ቁጥር «ቀርከሃዬ ደህና ነው?» ይለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ጆሮ ስጡኝ። የዛሬ ስምንት ዓመት ለጥር ጊዮርጊስ እንጅባራ ሄድን። ጋሼ ከአባታቸው የወረሱት የፈረሰኞች ማኅበር አለ። አባል ሁሉ ፈረሱን ሸልሞ ይወጣል፤ ፈረስ የሌለው ጥግ ይዞ ይቆማል። ጋሼ ጥግ ይዘው የሚቆሙ ሰው ናቸው? ፈረሳቸውን የለወጡባትን መኪና በቀይ ክር ሸልመው ሜዳው መሐል ነዷት! ፈረሱ ሁሉ በረገገ፤ ጋላቢው ተበተነ፤ በአገውኛም በአማርኛም ተሰደብን። እሷ ደግሞ ዞራ ስታበቃ ጨፌ ውስጥ ገብታ እስከ ወገቧ ሰጠመች። በመጨረሻ እነዚያው የበረገጉት ፈረሶች ናቸው በገመድ ጎትተው ያወጧት።

የማኅበሩ አለቃ ባላምባራስ ቢሻው ፈረሳቸው ላይ ሆነው ለፍርድ አቆሟቸው።

«ፈረስህ የታለ?»

«ይቺ ናት» አሉ ጋሼ፣ ጭቃ በጭቃ ሆነው።

ባላምባራስ አልሳቁም። «ፈረሴ ናት ካልክ ፈረስ ናት። ስላስበረገገች አንድ ጋን ጠላ ተቀጥተሃል። ከዛሬ ጀምሮ ደግሞ በማኅበሩ ሕግ ትተዳደራለች። አባል ፈረሱን ማኅበሩ ሳይፈቅድለት ለውጭ ሰው አይሸጥም። ባለቤቱ ማብላት ቢያቅተው ማኅበሩ ቀለብ ይቆርጣል። ማል!» አሏቸው።

ጋሼ እጃቸውን አንሥተው ማሉ። እኛ ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ጠላው ተጠጣ፤ ነገሩ ተረሳ። ይኼን ያዙልኝ።

እንግዲህ ቀልዴን እዚህ ላይ ላቁም። ጋሼ፣ ይህን ሳይናገሩ የኖሩትን ዛሬ እኔ ልናገረው ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።

ባለቤቴ ስሜነሽ የመጀመሪያ ልጃችንን ለመውለድ ጥርባ መንደር እናቷ ቤት ሄዳ ነበር። ነሐሴ ነው፤ ዝናቡ አያባራም። ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነው የሚል መልእክት ደረሰኝ። የካምፑ መኪና ሁሉ ሥራ ላይ ነው። እንደ እብድ ግቢው ውስጥ ስዞር ጋሼ አዩኝ። ለአራት ወር ከአስመራ የጠበቋቸውን አዳዲስ ጎማዎች፣ ለጥምቀት ብለው ከግምጃ ቤት ጀርባ የሸሸጓቸውን፣ አውጥተው ማሰር ጀመሩ። በዚያ ጭቃ እንዴት እንደነዷት አሁንም አይገባኝም። መኪናዋ ሁለት ወንበር ብቻ ነው ያላት። ስንመለስ ስሜነሽ አንዱ ላይ፣ እሳቸው አንዱ ላይ፣ እኔ ከኋላዋ ላይ በገመድ ታስሬ ስጸልይ ዳንግላ ሐኪም ቤት ደረስን። ሐኪሙ «ሰዓት ቢያልፍ ኖሮ ሁለቱንም አናገኝም ነበር» አለኝ። ምህረቴ ተወለደች። ይቺውና፣ እናቷ ጭን ላይ ተቀምጣ ዳቦ የምትበላው!

በማግስቱ መኪናዋን ስፈታት ጭቃው ውስጥ ስትታገል ፍሪሲዮኗ ተቃጥሎ ከሰል ሆኗል። የሦስት ወር ደመወዛቸውን የበላ ጥገና ነው። «ጋሼ፣ ይህ በእኔ ነው፤ ስንት ልክፈል?» አልኳቸው። «እርጅና ነው የጨረሳት፤ አንተ ሥራህን ሥራ» አሉኝ። መካኒክ ሊያታልሉ! ዕቃው እጄ ላይ ነው እኮ! ከዚያ በኋላ በዚህ አካባቢ ስንት ሰው ለስንት ጭንቁ በራቸውን እንዳንኳኳ እናንተ ታውቃላችሁ። አንድም ሰው የቤንዚን አልተጠየቀም። እኛ «መኪናዋ ጨረሰቻቸው» እያልን እናማለን፤ የጨረሳቸው የእኛው ጭንቅ ነው። ጋሼ በዛብህ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሌላ ቃል የለኝም፤ ልጄን ስላዳኑልኝ እግዜር ይስጥልኝ።

ቆይ፣ አታልቅሱ! እኔም ላልቅስ ነው መሰለኝ። አልጨረስኩም!

ከትናንት ወዲያ እትዬ የሻረግ ጋራዥ መጡ። አሥራ አንድ ዓመት መኪናዋን የረገሙ ሴት! «አበረ፣ ገዢው የሰጠውን ቀብድ ከመቀነቴ አልፈታሁትም። ሸጧት የገባ ዕለት እንጀራ አልበላም፤ እኔም እሱን እንዲያ ሆኖ ላየው አልችልም። አንድ ነገር አድርግ» አሉኝ። እኔም በነጋታው እንጅባራ ባላምባራስ ቢሻው ቤት ሄድኩ። አርጅተዋል፤ ግን ምንም አልረሱም። «በዛብህ ፈረሱን ሳያስፈቅድ ሸጠ?» ብለው ከመደብ ተነሡ። «እስቲ እንየዋ!» አሉ።

ጋሼ፣ ያ የሚሰማዎት ኮቴ የገበያ ፈረስ አይደለም። ባላምባራስና ማኅበርተኞቹ ግቢው ውስጥ ናቸው። በየፈረሱ ላይ ጆንያ ተጭኗል፤ ገብስ ነው! አሥራ ሁለት ጆንያ ገብስ! «ትብላው አትብላው እኛ አናውቅም፤ የፈረስ ቀለብ ገብስ ነው። በየዓመቱ ጥር ላይ ይመጣል» ብለዋል። ገበያ ወጥቶ ቤንዚን ይሆናል፤ ጥገናው ደግሞ በእኔ እጅ ነው፤ እኔ እስካለሁ ሳንቲም አይከፍሉም። እንግዳችን፣ ቀብድዎ ይኸው ከእትዬ የሻረግ እጅ፤ እንዳለ ነው፤ ይቁጠሩት። የመንገድ ስንቅዎ በእኛ ነው። እትዬ የሻረግ፣ ይህ ካርቶን ደግሞ የሠራተኛው ሁሉ ስጦታ ነው። ይክፈቱት። ጫማ ነው! አራት ጥንድ!

በሉ ብርሌያችሁን አንሡ! ጋሼ በዛብህ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥዎ። ከእትዬ የሻረግ ጋር ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚነዱበት ዘመን ይስጥዎ። የምህረቴን ሠርግ በዚያች መኪና ያድርሱልን። ስላሳደጉን፣ ስለደረሱልን፣ ስላሳቁን፣ ይጠጣ!

ጨረሳችሁ? በሉ ሁላችሁም ውጡ፤ እንግዳችንም ጭምር፣ እጅጌዎን ይሰብስቡ። ጋሼ፣ እርስዎ መሪውን ይያዙ። ጠዋት ባላምባራስን በእሷ ልቀበል ብዬ አስነሥቻት ነበር፤ በር ላይ ስትደርስ ጠፋችብኝ። ኑ እንግፋ!