ከጠፋሁ ወደ ባንኮኒው ውሰዱኝ

እንዴት አደርሽ እህት አርዜላ? ነይ፣ እዚህ ከጎኔ ቁሚ፤ ሰልፉ ገና ነው። ደህና ተኛሽ? እኔ እንኳ መርከቡ ቆሞ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስድስት ቀን ሲወዘውዘኝ ለምጄ... ዛሬ ጋልቨስተን ወደብ ደርሰን ጸጥ ሲል ጊዜ አልጋው የኔ አልመስል አለኝ። ውጭውን አየሽው? ጭጋግ ነው። እኛ አገር ቦሞንት ደግሞ ይሄኔ ዝናብ ይሆናል። የቲማቲም ችግኞቼን ለጎረቤቴ አደራ ብያት ነበር፤ ዝናቡ ከሷ የተሻለ ሳያጠጣልኝ አይቀርም።

አንቺንስ ምን አመጣሽ ወደ መንገደኞች መጠየቂያው ባንኮኒ? መነጽርሽ ጠፋ? ወይ ጉድ። አይዞሽ፣ የባንኮኒዋ ሮዌና ታገኝልሻለች። ያቺ ልጅ የማታገኘው ነገር የለም። እኔ? እኔማ እዚህ ስሰለፍ ስድስተኛዬ ነው፤ ደንበኛ ሆኛለሁ። ዛሬ ግን የምጠይቀው ነገር የለኝም። ለሮዌና ሁለት ገጽ የምስጋና ደብዳቤ ጽፌላታለሁ፤ አለቃዋ እጅ ሳላስገባው ከዚህ መርከብ አልወርድም።

መነጽር ከሌለሽ እንግዲህ ከፊታችን የቆሙትን ሴትዮ አታያቸውም። ልንገርሽ... አልሰማሽም? ጆሮሽም ከመነጽርሽ ጋር ሄደ? እሺ፣ ጮክ ልበል እንግዲህ፤ ምን ይደረጋል።

ነጭ ጋዋን ለብሰዋል። አዎ፣ ገላችንን ታጥበን ስንወጣ የምንለብሰውን፣ ካቢን ውስጥ የሚሰቀለውን። ራሳቸውን በፎጣ ጠቅልለዋል። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው የአደጋ ጊዜ መውጫውን ካርታ ያነባሉ። እንዴት ያሉ ጠንቃቃ ሴት ናቸው... መርከቡ ወደብ ላይ ታስሮ እንኳ ስለ አደጋ ያስባሉ። ማን ናቸው? እኔ በምን አውቄ? ሦስት ሺህ ሰው በተሳፈረበት መርከብ ሁሉን ሰው አላውቅ።

በጠዋት ሁለት ሰዓት፣ በጋዋን፣ ባንኮኒ የሚያቆም ምን ጉዳይ ነው ትያለሽ? እኔ እንደምገምተው... ትናንት ማታ ሻንጣችሁን ኮሪደር ላይ አውጡ ተባልን አይደል? ሠራተኞቹ ሰብስበው ወደብ ላይ እንዲያስረክቡን። እንግዲህ አንዳንድ ሰው አለ፤ ሁሉንም ያጣጥፋል፣ ሁሉንም ይከታል፣ ዚፑን ጥርቅም አድርጎ ይዘጋና አውጥቶ ይተኛል። ጠዋት ሲነሳ የዛሬው ቀሚስ የት አለ? ሻንጣው ውስጥ። ጫማውስ? ሻንጣው ውስጥ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አትጠይቂኝ፤ የሰው ገመና ነው።

እኛ ግን ተመስገን ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር አይደርስብንም። ለምን? ለቤተ ክርስቲያናችን ጉዞ አስተባባሪ አለችና። ሌላው ቤተ ክርስቲያን ዝም ብሎ ይሳፈራል፤ እኛ ግን ተምረን ነው የተሳፈርነው። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ምድር ቤቱ ውስጥ ሰብስባ፣ ሰሌዳ አቁማ፣ በዘንግ እየጠቆመች... የመጀመሪያው ሕግ ምን ነበር? "ሻንጣ ከመዘጋቱ በፊት የነገ ልብስ ይለያል።" ሦስት ጊዜ አስደገመችን እኮ። ሰባ ዓመት ያለፈን ሰዎች እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ በአንድ ድምፅ። ያኔ እውነቱን ልንገርሽ፣ ተናድጄ ነበር። ቤቴን አርባ ስምንት ዓመት ያስተዳደርኩ ሴት ልብስ መለየት ልማር? ዛሬ ግን ተመልከቺኝ... አታይኝም ለካ። ሰማያዊ ቀሚሴን ለብሻለሁ፤ ጫማም አለኝ። በማን ትምህርት? በሷ።

ሁለተኛውን ሕግስ ታስታውሺዋለሽ? "ባንኮኒ ጋ የሚሰለፍ ሰው ትምህርቱን ያልተከታተለ ሰው ነው።" ምን ትሳሳታለች? ይሄ አስራ አንደኛ ጉዞዋ ነው፤ አንድ ቀን ተሰልፋ አታውቅም። እኛ ምስኪኖቹ እዚህ ቆመን እግራችን ሲያብጥ፣ እሷ በአጠገባችን እያለፈች ፈገግ ትላለች... ያ ፈገግታዋ መቼም።

ለመሆኑ ዛሬ ቁርስ ላይ አየሻት? እኔም አላየኋትም። አይገርምም? ሌላ ቀን እንቁላሉ ሳይጠበስ የምትደርሰው እሷ ነበረች። ምናልባት ክፍሏ ሆና እየጸለየችልን ይሆናል።

ቆይ ቆይ... እኚህ ሴትዮ ጋዋናቸው ላይ ባጅ ሰክተዋል። ወርቃማውን። ከአስር ጊዜ በላይ ለተጓዘ ሰው የሚሰጠውን፣ ሰልፍ የሚያስቀድመውን። የኛዋም አላት እኮ፤ እራት ላይ እንኳ አውልቃው አታውቅም። እኔ ለሷ ብቻ የተሰጠ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ብዙ ሰው አለው። ጋዋን ላይ መስካታቸው ግን ደስ አለኝ። ልብሳቸው ጥሏቸው ቢሄድም ማዕረጋቸው አብሯቸው ቀርቷል። የሚያሳዝነው፣ ዛሬ የመጨረሻ ቀን ስለሆነ ሰልፉ ለሁሉም አንድ ነው። ሮዌና ናት ያለችኝ።

ስለ ሰልፍ ካነሳን፣ ዝርዝሯን ታስታውሺዋለሽ አይደል? ምን ዓይነት ትጋት ነው መቼም። ሌላው ሰው ገንዳው ዳር ተዘርሮ ፀሐይ ሲሞቅ፣ የኛዋ እዚያ ምሰሶ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ እስክሪብቶ ይዛ ቁጭ። ባንኮኒ ጋ ማን መጣ? ምን ጠየቀ? ሁሉንም ትጽፋለች። ለራሷ ብላ ነው? እኛ እንድንስቅ ነው እንጂ። ወንድም ክሌተስ አልጋዬ ወደ ኋላ ይጓዛል፣ ፊቱን አዙሩልኝ ብሎ መምጣቱ ተጻፈ። ሲነበብ ቀድሞ የሳቀው ራሱ ነው። እኔም መጋረጃዬ አልከፈት አለ ብዬ መምጣቴ ተጻፈ። እውነት ነው። ስስበው ስስበው ከኋላው ለካ ግድግዳ ነው። መስኮት ለሌለው ክፍል መጋረጃ ምን ያደርግለታል? ሳቃችሁብኝ፣ እኔም ሳቅሁ። አልተቀየምኩም።

የዝርዝሩን አራተኛ ግን...

አራተኛውን እንኳ ባልሰማሽው ይሻል ነበር። በእራት ሰዓት፣ ሦስት ጠረጴዛ ሙሉ ሰው ባለበት ብድግ ብላ፣ ብርጭቆዋን በማንኪያ አንኳኩታ፣ "እህት ኢሎይዝ የባሕሩ መብራት በስንት ሰዓት እንደሚበራ ጠየቀች" ብላ አነበበች። ድምፅዋ ማማሩ ደግሞ... ሠላሳ ዓመት መዘምራን ውስጥ በከንቱ አልቆመችም። የመጨረሻው ጠረጴዛ ድረስ ጥርት ብሎ ተሰማ። ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አንቺም ስቀሻል አርዜላ፤ አላወቅሽምና አልቀየምሽም።

የጠየቅሁት ምን መሰለሽ? ዊላርድ ሃያ ስድስት ዓመት የሠራው እዚህ ባሕር ላይ ነው፤ ነዳጅ ማውጫ ማማ ላይ። ሁለት ሳምንት እዚያ፣ ሁለት ሳምንት ቤት። ሲመሽ ይደውልልኝና "አሁን መብራታችን በራ ኢሎይዝ፤ ትንሽ ከተማ ነው የምንመስለው" ይለኛል። እኔ አንድም ቀን አላየሁት። ሚስት ወደዚያ አትወሰድም። ከሞተ እንግዲህ ሦስት ዓመቱ። ታዲያ መርከቡ በዚያ በኩል የሚያልፍ ከሆነ፣ የማማዎቹ መብራት በስንት ሰዓት ይታየኛል ብዬ ጠየቅሁ። በቃ፣ ይሄው ነው።

ሮዌና አልሳቀችም። ስልክ አንስታ መርከቡን የሚነዱትን ጠየቀችና "ማታ አንድ ሰዓት ላይ፣ በቀኝ በኩል" ብላ በቁራጭ ወረቀት ጻፈችልኝ። ሥራዋን ስትጨርስም መጥታ አጠገቤ ቆመች፤ ሳትበላ ነው የመጣችው። ሰባት መብራት ቆጠርኩ። የትኛው የሱ እንደነበር ማን ያውቃል? ሁሉንም የሱ አደረግኋቸውና አለቀስኩ። ከተቀበረ ወዲህ እንደዚያ ቀን ቅርብ ሆኖልኝ አያውቅም።

አስተባባሪያችን ይሄን ብታውቅ ኖሮ አታነበውም ነበር ትያለሽ? እኔም እሱን ነው የምለው። ግማሹን ሰማች፣ ግማሹን ለመስማት ጊዜ አልነበራትም፤ መጻፍ ነበረባታ። ዊላርድን ደግሞ እንዴት ትረሳዋለች? አውሎ ነፋሱ ጣሪያዋን የወሰደው ጊዜ ማን ነበር ወጥቶ ሸራ የወጠረላት? ከማማው በመጣበት ቀን፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ። ያን ዕለት ዝርዝር አልያዘችም መሰለኝ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ምሳ ላይ ለምእመኑ ሁሉ ታነበዋለች አሉ። ሁለት መቶ ሰው ፊት። የዊላርድ የሥራ ጓደኞች ይኖራሉ፣ ልጄም ይኖራል። ልጄ ዶሮውን ሳህኑ ላይ አስቀምጦ፣ አባቱ መሳቂያ ሲሆን ቁጭ ብሎ ይሰማል። ይሄ ነው እንቅልፍ የነሳኝ አርዜላ፤ መርከቡ መቆሙ አይደለም።

ተይኝ እስቲ... ወደ እኚህ ምስኪን ሴትዮ እንመለስ። ተራቸው ደረሰ። ሮዌና የምትላቸውን ሰማሽ? ሻንጣው ወርዷል፤ ራሳቸው ካልወረዱ አያገኙትም። የመርከቡ ሱቅ ወደብ ላይ ሲደረስ ይዘጋል፤ ሕግ ነው። ጋዋኑም የመርከቡ ነው፣ እዚሁ ይቀራል። እንዴት አድርጋ በትሕትና እንደምታስረዳቸው ስሚ፤ ከንፈሯ እንኳ ፈገግ አላለም። ታዲያ ምን ለብሰው ይውረዱ? ታች ደግሞ አውቶቡሳችን ቆሟል፤ ፓስተር ካሜራቸውን አንግበው ይጠብቃሉ። በየዓመቱ ከመርከቡ ደረጃ ቀድሞ የሚወርደው ማን ነው? ፎቶው ላይ መሐል የሚቆመውስ? ለኛ እንኳ ችግር የለም፤ የኛዋ ዝግጁ ናት። እኔ የማዝነው ለእኚህ ለማላውቃቸው ሴትዮ ነው... እሳቸውንም የሚጠብቅ ሰው ይኖር ይሆናል።

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ያቺ ቢጫ ካናቴራ ቦርሳዬ ውስጥ አለች። ረሳሻት እንዴ? ስንሳፈር አስተባባሪያችን ለሦስታችን ጀማሪዎች በገዛ እጇ ያጠለቀችልን። ደረቷ ላይ "የመጀመሪያ ጉዞዬ ነው"፣ ጀርባዋ ላይ "ከጠፋሁ ወደ ባንኮኒው ውሰዱኝ" የምትለው። ለመጨረሻው ፎቶ ትለብሷታላችሁ ስላለችን ሻንጣ ውስጥ አልከተትኳትም። መጠኗ እንኳ አርቆ ማሰብ ነው፤ ለማንም ይሁን ብላ ትልቁን አሳተመች፣ ከጉልበት በታች ትደርሳለች። ድንኳን አለበስሽኝ ብዬ ሳጉረመርም "አንድ ቀን ታመሰግኚኛለሽ" አለችኝ። ይኸው ቀኑ ደረሰ።

ልስጣቸው ይሆን? ልቤ ስጪ ይለኛል። ግን አንድ ችግር አለብኝ... እሑድ ዝርዝሩ ተነቦ ሲያልቅ፣ የሚጨምር ሰው አለ ወይ ሲባል፣ እጄ አርፎ አይቀመጥም። እኚህ በጋዋን የቆሙ እመቤት ትዝ ይሉኛል። ስማቸውን ባላውቅም ባጃቸውን ማስረዳት አያቅተኝም። ሰዉ ምን ያህል ይስቅ ይሆን? የአራተኛው ነገር ባይነበብ ግን ከየት ትዝ ይለኛል? በኔ ዕድሜ ሰው ካላስታወሱት ምን ያስታውሳል?

ቆይ... ይሄ ደግሞ ምንድነው? አርዜላ፣ ሴትዮዋ ሳይዞሩ እጃቸውን ወደ ኋላ ላኩ። የታጠፈ ወረቀት ነው። ከጋዋኑ ኪስ ነው ያወጡት፤ ልብሱ ሁሉ ሻንጣ ሲገባ ይሄ ብቻ በእጅ ቀርቷል ማለት ነው። ምን ያህል ይወዱት ይሆን... እጅ ጽሕፈቱ ከኛዋ ጋር እንዴት ነው የሚመሳሰለው? ባጁ አንድ፣ ጽሕፈቱ አንድ... እህትማማች ይሆኑ? ክሌተስና አልጋው... መጋረጃው... አዎ፣ አራተኛው ይኸውና።

እሱን መስመር ብቻ ቀድጄ መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አስቀምጠዋለሁ። የቀረውን መልሺላቸው። የመጋረጃውን ማንም ያንብበው፤ እሱ የኔ ነው፣ ይሳቅብኝ። ዊላርድ ላይ ግን አይሳቅም።

ካናቴራዋንም አንቺ አቀብያቸው፤ ከኔ እጅ መቀበል ይከብዳቸው ይሆናል። አንድ ቀን ብቻ ነው የለበስኳት፣ ታጥባለች። ገልብጠው እንዳይለብሷት ብቻ ንገሪያቸው፤ ፓስተር ጽሑፉ ሲታይ ደስ ይላቸዋል። መመለስ አያስፈልግም፣ የሳቸው ትሁን። ስትሰጫቸውም እንዲህ አለች በይልኝ... "እመቤቴ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ገና ብዙ ባሕር በሰላም ያሻግርዎት። በሄዱበት አገር፣ በቆሙበት ባንኮኒ ሁሉ፣ የጠየቁትን ሳይስቅ እስከ መጨረሻው የሚሰማዎት ሰው አያሳጣዎት።"